ሮናልድ ፖልተን ፓልመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእንግሊዝ ራግቢ ታሪክ ሲወራ ይህ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ሲነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረው አምስት ትራይ ነው (ትራይ የራግቢ ጎል በሉት፤ ከታች አስረዳለሁ)። ሌላው ሲሞት ተናገረው የሚባለው ንግግር ነው። አምስቱ ትራይ እውነት ነው። ንግግሩ ያጠራጥራል። እንደ እኔ እንደ እኔ ከሁለቱም የሚበልጠው በመሀል ያለው ኑሮው ነው። ሰው ስለ እሱ ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ካልተናገርኩ በቀር ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ ማን ነው?

ከ1909 እስከ 1914 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 17 ጊዜ የተጫወተ ራግቢ ተጫዋች ነው። በመጨረሻው ዓመት የቡድኑ አምበል ነበር። የተወለደው ኦክስፎርድ ውስጥ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1889 ነው፤ በእኛ መስከረም 3 ቀን 1882 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሜይ 5 ቀን 1915 ቤልጅየም ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። የሚያውቁት ሰዎች ሮኒ ነበር የሚሉት።

ፖልተን ነው ወይስ ፓልመር?

ሁለቱም ነው። ሲወለድ ሮናልድ ፖልተን ነበር። የእናቱ ወገን ፓልመር ነው። አጎቱ ጆርጅ ዊልያም ፓልመር ልጅ አልነበራቸውም። በ1913 ሲሞቱ ብዙ ሀብት ለሮናልድ አወረሱት፤ ነገር ግን በኑዛዜው ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ፓልመር የሚለውን ስም መያዝ አለበት። በ1914 በንጉሡ ፈቃድ ስሙን ለወጠ። ስለዚህ በድሮ የጨዋታ መዝገቦች ላይ ፖልተን የሚል ካያችሁ ሌላ ሰው አይደለም። የስም ለውጡ በደንብ ሳይለመድለት ነው የሞተው። እኔም ከዚህ በታች እንደመጣልኝ እጠራዋለሁ።

ሀብቱ ከምን የመጣ ነው?

ከብስኩት። ከምር ነው። ሀንትሊ ኤንድ ፓልመርስ የሚባለው የብስኩት ፋብሪካ ሬዲንግ ከተማ ውስጥ ነበር፤ በጊዜው በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ ብስኩት ሠሪዎች አንዱ ነው። በቆርቆሮ ጣሳ የታሸገው ብስኩታቸው ያልደረሰበት የለም። ካፒቴን ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ እንኳ ይዞት ሄዷል። የእንግሊዝ እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ሬዲንግን ያውቃል። ክለቡ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቅጽል ስሙ «ብስኩት ሠሪዎቹ» ነበር። ከተማው በብስኩት የሚተዳደር ከተማ ነበር ማለት ነው። የሮናልድ አያት ጆርጅ ፓልመር ፋብሪካውን ለዚያ ያበቁት ሰው ናቸው።

በአባቱ በኩል ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አባቱ ኤድዋርድ ባግኖል ፖልተን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር ነበሩ። የዳርዊን ተከታይ ናቸው። የዕድሜ ልክ ጥናታቸው የነፍሳት ቀለም ነው፤ አንዱ ቢራቢሮ ቅጠል መስሎ ከወፍ እንዴት ያመልጣል፣ ሌላው በደማቅ ቀለሙ «እንዳትነካኝ» የሚለው ለምንድን ነው የሚለውን ሲመረምሩ ኖሩ። ልጃቸው ሜዳ ላይ ያደርገው የነበረውን ስታውቁ ይህ ነገር ትንሽ ፈገግ ያሰኛችኋል።

ራግቢ ምንም አላውቅም፤ ልከተል እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የሚበቃችሁ ይህ ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይጫወታል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል። በእጅ ሲያቀብሉ ግን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደ ፊት ለመሄድ ወይ ይዞ መሮጥ ነው፣ ወይ በእግር መምታት። ኳሱን ይዞ ከተቃራኒ ቡድን የመጨረሻ መስመር አልፎ መሬት ያስነካ ሰው ትራይ አስቆጠረ ይባላል። ዛሬ ትራይ 5 ነጥብ ነው፤ በፖልተን ጊዜ 3 ነበር። የድሮ ውጤቶች ትንሽ የሚመስሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ለብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ መሰለፍ «አንድ ካፕ» ይባላል፤ ድሮ በእውነት ኮፍያ ስለሚሰጥ ነው።

የአምስቱ ትራይ ታሪክ ምንድን ነው?

ይህን ታሪክ ከዓመት በፊት መጀመር ያስፈልጋል። ፖልተን ራግቢ የተማረው ጨዋታው ስሙን ባገኘበት በራግቢ ትምህርት ቤት ነው። በ1908 ኦክስፎርድ፣ ቤሊየል ኮሌጅ ገባ፤ ትምህርቱ ምሕንድስና ነው። በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የሚገናኙበት ትልቅ ግጥሚያ አለ። በዚያ ዓመት መራጮቹ ትተውት ሄዱ። አልተሰለፈም።

ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጠራው! ጃንዋሪ 30 ቀን 1909 ሌስተር ላይ ፈረንሳይን 22 ለ 0 ሲያሸንፉ ተሰለፈ። አስቡት፤ ለዩኒቨርሲቲው አትበቃም የተባለ ልጅ ለአገሩ ተጫወተ። በአገራችን እግር ኳስ እንዲህ ያለ ነገር ቢሆን ስንት ቀን በሬዲዮ ይወራ ነበር።

በዲሴምበር 1909 ኦክስፎርድ ሳይወድ በግዱ አሰለፈው። ቦታው ለንደን፣ ክዊንስ ክለብ ነው። በክንፍ በኩል ተጫወተ። አምስት ትራይ አስቆጠረ። ኦክስፎርድ 35 ለ 3 አሸነፈ። በዚህ ግጥሚያ ታሪክ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አምስት ያስቆጠረ የለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እስካሁን እንደቆመ ነው።

አሯሯጡ ለምን እንደዚያ ይወራለታል?

ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቱ ዘርጋ ያደርገዋል። ሲሮጥ ኳሱን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል። ተከላካዩ ኳሱን ያያል። ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ ሰውየውም ወደ ግራ የሚሄድ ይመስለዋል። እግሮቹ ግን ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። በጊዜው ያዩት ሰዎች ጭንቅላቱ በአንድ በኩል፣ እጆቹ በሌላ በኩል ይሄዳሉ ይሉ ነበር። ሊይዙት የመጡ ሰዎች አየር ጨብጠው ይቀራሉ። ያ ቅጠል የሚመስለው ቢራቢሮ ትዝ አላላችሁም?

እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ከእሱ ጋር ለመጫወት ይከብዳል የሚሉ ነበሩ። ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የራሱ ጓደኞችም አያውቁም። በቅብብል የሚያምን ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አንዳንዴ ራስ ምታት ነው። መራጮችም አንዴ ክንፍ አንዴ መሀል ሲያደርጉት ነው የኖሩት።

ለሊቨርፑል ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን የቀዮቹን ሊቨርፑል እንዳታስቡ። የራግቢው ሊቨርፑል ሌላ ክለብ ነው። ከኦክስፎርድ ሲወጣ መጀመሪያ ሬዲንግ ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ ይጫወት የነበረውም ለለንደኑ ሃርለኩዊንስ ነው። ከዚያ የምሕንድስና ሥራ ለመልመድ ወደ ማንቸስተር ሄደ፤ ለሊቨርፑል መጫወት የጀመረው ያኔ ነው። በ1913/14 የውድድር ዘመን ይህ ክለብ በአንድ ጊዜ የሦስት አገር አምበሎች ነበሩት፦ የእንግሊዙ ፖልተን፣ የስኮትላንዱ ፍሬድ ተርነር እና የአየርላንዱ ዲኪ ሎይድ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይጫወታሉ፣ ብሔራዊ ጨዋታ ሲመጣ ደግሞ ይፋጠጣሉ።

በእንግሊዝ ማልያ ትልቁ ጊዜው የቱ ነው?

1914፣ ያለ ጥርጥር። ከዚያ በፊትም ደህና ነገር አለ። በጃንዋሪ 1910 ትዊከንሃም ስታዲየም የመጀመሪያውን ብሔራዊ ጨዋታ ሲያስተናግድ ሜዳ ላይ ነበር፤ እንግሊዝ ዌልስን 11 ለ 6 አሸነፈች። በጃንዋሪ 1913 ደቡብ አፍሪካ እዚያው ትዊከንሃም መጥታ 9 ለ 3 ስታሸንፍ የእንግሊዝን ብቸኛ ትራይ ያስቆጠረው እሱ ነው። በዚያው ዓመት አውሮፓ ላይ ግን አራቱንም ተጋጣሚ አሸነፉ።

በ1914 አምበል ሆነ። ዌልስን 10 ለ 9። አየርላንድን 17 ለ 12። ስኮትላንድን ኤድንብራ ላይ 16 ለ 15። ሁለቱን ጨዋታ በአንድ አንድ ነጥብ ነው ያለፉት፤ የልብ ሕመም ላለበት ደጋፊ የሚመከር ቡድን አልነበረም። የመጨረሻው ፈረንሳይን ነው፤ ኤፕሪል 13፣ ፓሪስ አጠገብ ኮሎምብ ላይ። 39 ለ 13። ፖልተን አራት ትራይ አስቆጠረ። ለእንግሊዝ በጠቅላላው ያስቆጠረው ስምንት ነው፤ ግማሹ የዚያን ቀን ነው። አራቱንም ማሸነፍ ዛሬ ግራንድ ስላም ይባላል። በእሱ ጊዜ ቃሉ ገና አልመጣም ነበር።

ያ ቀን ለእንግሊዝ የመጨረሻው ጨዋታው እንደሚሆን ማንም አላሰበም። በኦገስት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተጀመረ።

በገንዘብ ጉዳይ ከማኅበሩ ጋር ተጣልቷል ይባላል። ምን ነበር?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ስለ ሰውየው ብዙ የሚናገረው ይህ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር በአማተርነት አጥብቆ የሚያምን ነበር። ለተጫዋች ሳንቲም መክፈል ክልክል ነው። ለሀብታም ልጅ ይህ ችግር አይደለም። ለማዕድን ቆፋሪና ለፋብሪካ ሠራተኛ ግን ችግር ነው። ቅዳሜም የሥራ ቀን ነበር። ለመጫወት ከሥራ የቀረ ሰው የዚያን ቀን ደሞዝ ያጣል። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች «ትርፍ አንጠይቅም፤ የቀረበትን ደሞዝ ብቻ እንተካለት» አሉ። ማኅበሩ እምቢ አለ። በ1895 ክለቦቹ ሃደርስፊልድ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ተገነጠሉ። ዛሬ ራግቢ ሊግ እና ራግቢ ዩኒየን ተብለው ሁለት ጨዋታ የሆኑት በዚያ ጠብ ነው።

በ1912 ያው ነገር በደቡብ ምዕራብ፣ ዴቨን አካባቢ ተነሳ። አንዳንድ ክለቦች ለተጫዋቾች በድብቅ ከፍለዋል ተባለ። ማኅበሩ መረመረ፤ ቀጣ፤ አገደ። የዚያን ጊዜ ፖልተን የብሔራዊ ቡድኑ ኮከብ ነው። የብስኩት ፋብሪካ ቤተሰብ ልጅ ነው። ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? እሱ ግን በአደባባይ ጽፎ ተቃወመ። ሠራተኛው ለሚያጣው የሥራ ቀን ካሳ እንዲያገኝ ደንቡን ማሻሻል ይገባል፣ ይኸው ጊዜው ነው አለ። ሰዎቹን ማባረር ጨዋታውን ለሌላው ወገን መስጠት ነው የሚል ሐሳብ ነበረው።

ማኅበሩ አልሰማውም። ራግቢ ዩኒየን ለተጫዋች መክፈልን የፈቀደው በ1995 ነው። ከክፍፍሉ ልክ መቶ ዓመት በኋላ! ፖልተንን የወርቃማው ዘመን ጨዋ ልጅ አድርገው የሚያወድሱት ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ጽሑፉን ይዘሉታል። ምክንያቱ ይገባኛል። በዚያ ዘመን የተከበረው ደንብ ትክክል እንዳልሆነ የተናገረው ራሱ የደንቡ ጌጥ ነበርና።

ከየት አመጣው ይህን?

በከፊል ከቤቱ ይመስለኛል። የፓልመር ቤተሰብ መሠረቱ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ነው፤ ለሠራተኛ ደህንነት ማሰብ በእነሱ ዘንድ የእምነት ጉዳይ ነው። ሮናልድ ራሱ ሃይማኖተኛ ነበር። ተማሪ ሳለ ኦክስፎርድ ውስጥ በድሃው የሴንት ኤብስ ሰፈር በነበረው የልጆች ክበብ ያገለግል ነበር። ለንደን ኖቲንግ ዴል ውስጥ የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ለድሃ ልጆች ያቋቋመው ክበብም ነበር፤ እዚያም ይሄዳል። ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፣ ወደ ካምፕ ይወስዳቸዋል። ከእነዚህ ልጆች አባቶች ጋር የሚተዋወቅ ሰው «የቀረብህ ደሞዝ ያንተ ችግር ነው» ለማለት አፉን ሊሞላው አይችልም።

ወታደር የሆነው በግዳጅ ነው?

አይደለም። በ1914 ብሪታንያ ውስጥ የግዳጅ ምልመላ አልነበረም፤ የመጣው በ1916 ነው። እሱ ከ1912 ጀምሮ በሮያል በርክሽር ሬጅመንት የክተት ጦር ውስጥ መኮንን ነበር። ይህ ጦር አገር ውስጥ እንዲጠብቅ እንጂ ባሕር እንዲሻገር አይገደድም። ጦርነቱ ሲጀመር እንሄዳለን ብለው ከፈረሙት አንዱ ነው። ክረምቱን ቼልምስፎርድ ከተማ ሲሠለጥኑ ከርመው በማርች 1915 መጨረሻ ፈረንሳይ ገቡ።

ግንባር ሆኖም ራግቢ አልተወም። ኤፕሪል 14 ቀን 1915 ፖንት ደ ኒየፕ በምትባል ቦታ ሁለት ክፍለ ጦሮች ተጋጠሙ፤ የአንዱ አምበል እሱ ነው። የፓሪሱ ጨዋታ ካለፈ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሆኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካም።

እንዴት ነው የሞተው?

በውጊያ አይደለም። የእሱ ሻለቃ ቤልጅየም ውስጥ ፕሉግስቴርት ጫካ ላይ ምሽግ ይዞ ነበር። እንግሊዞቹ ወታደሮች ስሙን መጥራት ሲያቅታቸው «ፕሉግስትሪት» አሉት። ሜይ 5 ሌሊት፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ወታደሮች የሚሠሩትን ጥገና እየተቆጣጠረ የመጠለያ ጣሪያ ላይ ቆሟል። አንድ ጀርመናዊ አነጣጥሮ ተኳሽ መታው። ከሻለቃው መኮንኖች የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። ጎህ ሲቀድ የጦር አጋሮቹ በየቦታቸው ቆመው ያለቅሱ እንደነበር ተጽፏል።

ቀኑ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1907 ዓ.ም. ነው። ለእኛ የአርበኞች ቀን ነው፤ ያኔ ግን ለዚያ ድል ገና 26 ዓመት ይቀረው ነበር።

«ከእንግዲህ ትዊከንሃም አልጫወትም» ብሎ ነው የሞተው?

እንዲህ ይባላል። ብዙ ቦታ ታነቡታላችሁ። እኔ አላምንም። አብረውት የነበሩት ለቤተሰቡ በጻፉት መሠረት ወዲያውኑ ነው የሞተው። ለመናገር ጊዜ አልነበረውም። ደግሞም የሚያውቁት ሰዎች የሚስሉት ሮኒ የሞተበትን ሰዓት ለስታዲየም የሚያውል ሰው አይመስልም። ወሬው ግን ያምራል፣ ያመረ ወሬ ደግሞ ሞት አያውቅም።

የቡድን ጓደኞቹስ?

ከስኮትላንድ ጋር በማርች 1914 የተደረገውን ያንን 16 ለ 15 ጨዋታ አስታውሱ። ሜዳ ላይ ከነበሩት 30 ሰዎች 11ዱ በጦርነቱ ሞቱ። ከእንግሊዝ በኩል አምስት ናቸው። ሐኪሙ ጀምስ ዋትሰን በኦክቶበር 1914 ከነመርከቡ ሰጠመ። ፍራንሲስ ኦክሊ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ቀረ። አርተር ዲንግል ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ፣ አልፍሬድ ሜይናርድ በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ ሞቱ። አምስተኛው ራሱ አምበሉ ነው። በስኮትላንድ በኩል ከሞቱት መካከል የሊቨርፑል ጓደኛው ፍሬድ ተርነር አለ፤ በጃንዋሪ 1915። ከሦስቱ የሊቨርፑል አምበሎች ከጦርነቱ የተረፈው አየርላንዳዊው ሎይድ ብቻ ነው።

ሳይሞቱ የተመለሱም አሉ። በዚያ ዓመት ስምንት ትራይ ያስቆጠረው ትንሹ ሰው ሲሪል ሎው ተዋጊ አብራሪ ሆኖ ተረፈ፣ ከጦርነቱ በኋላም ለእንግሊዝ ብዙ ተጫወተ።

መቃብሩ የት ነው? ቤተሰቡስ?

እዚያው ፕሉግስቴርት ነው። መካነ መቃብሩ ሃይድ ፓርክ ኮርነር ይባላል፤ ወታደሮቹ የጫካውን መንታ መንገድ በለንደን ቦታ ሰይመውት ነው። መቃብሩን የጀመረው የራሱ ሻለቃ ስለሆነ የሮያል በርክሽር ስም እስከ ዛሬ አብሮት ይጠራል። መኮንንም ተራ ወታደርም በአንድ ዓይነት ድንጋይ ሥር ነው የተቀበሩት።

ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የብስኩቱን ሀብትም አልበላውም። አባቱ ደብዳቤዎቹን ሰብስበው የሕይወት ታሪኩን ጻፉ፤ መጽሐፉ በ1919 ወጣ። ያን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ አንዷ ሴት ልጃቸው በ1917 ሞተች። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ደግሞ ሌላዋ። ሐኪም የነበረው ትልቁ ወንድ ልጃቸው በ1939 ተከተለ። ሰር ኤድዋርድ በ1943 ሲያርፉ 87 ዓመታቸው ነበር፤ ከአምስቱ ልጆቻቸው በሕይወት የነበረችው አንዷ ብቻ ናት።